የሞተችው ሩጫ

እኔ ሯጭ አይደለሁም። ይህን በአማርኛ ስናገር የማያምነኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ሆዴን አይቶ ወዲያው ይስማማል። በእንግሊዝኛ ስናገር ግን በመላው ኮሎራዶ የሚያምነኝ አንድ ፈረንጅ አላገኘሁም። «ከየት ነህ?» ይሉኛል። «ከኢትዮጵያ» እላለሁ። ዓይናቸው ከፊቴ ተነስቶ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ያርፋል። አዲስ አበባ ሳለሁ ከአውቶቡስ ተራ መርካቶ ለመሄድ እንኳ ታክሲ የምጠብቅ ሰው እንደነበርኩ ለማን ይነገራል? እናቴ «ይህን ልጅ እግዜር እግር የሰጠው ሱሪው እንዳይወድቅ ነው» ትል ነበር።

ለነገሩ የማወጋችሁ ስለ ሩጫ አይደለም፤ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ አባባል ነው። ሁለት ሰዎች ተወዳድረው እኩል ሲሆኑ እኛ «አቻ ወጡ» እንልና እንገላገላለን። ተጨባብጠን፣ ትንሽ ተሞጋግሰን፣ ወደየቤታችን እንገባለን። እንግሊዞች ግን «ዴድ ሂት» ይላሉ። ቃል በቃል ብትፈቱት «ሙት ሙቀት» ነው። እስቲ በፈጠራችሁ፣ ሁለት ሰው እኩል ከመግባቱ ጋር ሬሳውም ሙቀቱም ምን አገናኘው? እኔ ይህን ለማወቅ የሁለት ጉልበቴን ቆዳ ከፍያለሁ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። እንግልውድ ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ሰሃን አጥብ ነበር። የምኖረው ኦሮራ፣ ከኮልፋክስ መንገድ ዳር፣ ጀማል ከሚባል የታክሲ ሾፌር ጓደኛዬ ጋር ነው። እዚያው ሰፈራችን ባለው የሐበሻ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሰናይት የምትባል ካሸር አለች። እንግዲህ ልንገራችሁ፣ ሰናይትን እወዳት ነበር። እሷም ትወደኝ ነበር። ችግራችን የቀን መቁጠሪያው ነበር።

ሰናይት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ትሠራለች። ከሥራ ስትወጣ መሽቷል፤ አብራት የምትኖረው አክስቷ ደግሞ ከመሸ ከደጅ አታሳልፋትም። የቀረችን እሑድ ብቻ ናት። እሑድን እኔ እሠራለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ፍቅራችን በስልክ ብቻ ነበር። ፊቷን ላለመርሳት ስል በዕረፍቴ ቀን፣ ረቡዕ ረቡዕ፣ ሱቁ እየሄድኩ በርበሬ እገዛለሁ። ወረፋ ይዤ፣ ሒሳቤን ከፍዬ፣ «ደህና ነሽ?» ብዬ እወጣለሁ። ጀማል ቁም ሣጥኑን በከፈተ ቁጥር የበርበሬ ከረጢት እግሩ ላይ ሲወድቅበት ጊዜ፣ «ወይ ልጅቷን አግባ፣ ወይ ወፍጮ ቤት ክፈት» አለኝ።

በሐምሌ አንድ ቀን ሰናይት ቁርጡን ነገረችኝ።

«ስማኝ፣ እኔ እሑድ የሌለው ባል አልፈልግም። እስከ መስከረም እሑድን ካላገኘህ ረቡዕን አግባት።»

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።  ሥራ አስኪያጃችንን ሊንዳን ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ እሑድን ጠይቄያት፣ ሦስቱንም ጊዜ «እሑድን የማይፈልግ ማን አለ?» ብላ በጥያቄ መልሳኛለች።

እግዜር ሲሰጥ ግን አይታወቅም። ሊንዳ የመጦሪያውን አሥረኛ ዓመት ለማክበር የሠራተኞች ሩጫ አዘጋጀች። ርቀቱ አንድ ማይል፣ ይኸውም ፓርኪንጉን አምስት ጊዜ መዞር ነው። አሸናፊው ለአንድ ዓመት የዕረፍት ቀኑን ራሱ ይመርጣል። ማስታወቂያው ፊት ቆሜ ይህችን የመጨረሻዋን መስመር አራት ጊዜ አነበብኳት። ስሜን ልጽፍ እስክሪብቶ ሳወጣ ስሜ አንደኛ ተራ ላይ ተጽፎ አገኘሁት።

«እኔ ነኝ የጻፍኩህ» አለች ሊንዳ ከኋላዬ መጥታ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገች። «ለሌሎቹ አዘንኩላቸው።»

ከሌሎቹ መሐል ጋሼ ሙላት ነበሩበት። ጋሼ ሙላት በላውንደሪ ክፍላችን አንሶላና ልብስ ያጥባሉ። ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው፤ አገር ቤት ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ድረስ ቆልፈው የሚለብሱ፣ ሲያስነጥሳቸው እንኳ ይቅርታ የሚጠይቁ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎም ሊሮጡ ነው?» አልኳቸው።

«ኧረ ለጨዋታ ነው፣ ልጄ። ሊንዳ ሰው እንዳያንሳት ብዬ። አንተስ?»

«እኔም ለጨዋታ ነው።»

ሁለታችንም ዋሽተን ተለያየን።

በማግስቱ ማለዳ ልምምድ ጀመርኩ። ዴንቨር ከፍታ ላይ ናት፣ ትንፋሽ ታሳጥራለች እያሉ ፈረንጆቹ ሲያማርሩ «አዲስ አበባ ከእሷ ትበልጣለች» እያልኩ ስኮራ ነበር የኖርኩት። ሳንባዬ ግን የተወለደበትን አገር ከረሳ ቆይቷል። የመጀመሪያው ቀን ከቤታችን እስከ ጥግ ያለው የልብስ ማጠቢያ ቤት ድረስ ሮጬ ስልክ እንጨት አቅፌ ቆምኩ። አንዲት ሴትዮ መጥታ አምቡላንስ ልጥራልህ ወይ አለችኝ። በሁለተኛው ቀን ሁለት ስልክ እንጨት ደረስኩ። በሦስተኛው ቀን ሰው እንዳያየኝ ብዬ ፓርኩ ውስጥ ገባሁ።

ፓርኩን አጋምሼ ስታጠፍ፣ ከዛፍ ጀርባ ጋሼ ሙላት ሱሪያቸውን ካልሲ ውስጥ ከትተው እየሮጡ ከች አሉ። ሁለታችንም ቀጥ ብለን ቆምን።

«አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው» አሉ።

«እኔንም» አልኩ።

ያ ፓርክ ዳክዬና ኩሬ እንጂ አውቶቡስ አይቶ አያውቅም። ቢሆንም ለመከባበር ያህል ሁለታችንም አውቶቡሱ ይመጣበታል ወደተባለው ኩሬ ትንሽ ተመለከትንና ተሰነባበትን። ያን ቀን ሰውዬው ለጨዋታ እንደማይሮጡ ገባኝ። ለምን እንደሚሮጡ ግን አልጠየቅሁም። ሽማግሌን ምክንያት አይጠይቁም፤ ቢጠይቁም አያገኙም።

የሩጫው ቀን ደረሰ። አሥራ አንድ ሯጮች ነን። የመጦሪያው ነዋሪዎች በረንዳው ላይ ጉልበታቸውን በብርድ ልብስ ሸፍነው ተደርድረዋል። ለመጨረሻው መስመር ሪባን ስላልተገኘ ነርሶቹ የቁስል ፋሻ አመጡና ጫፍና ጫፉን ዊልቸር ላይ ለተቀመጡ ሁለት አዛውንት አስያዟቸው። ባንዱ ጫፍ ያሉት ሚስተር ሃል ናቸው። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ሲሆን፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ውስጥ ፈረስ ሲያሠለጥኑ የኖሩ ሰው ናቸው። በሌላው ጫፍ ያሉት አሮጊት ፋሻውን ይዘው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ተጀመረ። እውነት ለመናገር፣ እኔ አልፈጠንኩም፤ ሌሎቹ ናቸው የቀሩልኝ። የወጥ ቤቱ አለቃ ሁለተኛው ዙር ላይ ጎኑን ይዞ ተቀመጠ። ጥበቃው ሲመራ ቆይቶ ቀበቶው ላይ ያለችው መጥሪያ ፔጀር ስትጮህ ስልክ ፍለጋ ወደ ውስጥ ሮጠ። ሁለት ነርሶች ወሬ ጀመሩና ወሬው ሲጥማቸው እርምጃቸውን አቀዘቀዙ፤ የቀሩት አምስቱም አንድ በአንድ አቋርጠው ወጡ። አምስተኛው ዙር ላይ ቀና ብዬ ሳይ ከፊቴ ማንም የለም። ከኋላዬ ጋሼ ሙላት ብቻ አሉ፣ በቆዳ ጫማቸው ቋ፣ ቋ እያሉ።

አሥር እርምጃ ሲቀረኝ የሚታየኝ ፋሻው አልነበረም። ሰናይት ነበረች፣ እሑድ ከሰዓት፣ ያለ ካሽ ሬጅስተር። አምስት እርምጃ ሲቀረኝ የጋሼ ሙላት ትንፋሽ ማጅራቴ ላይ ተሰማኝ። ያኔ የአስተዳደጌ ነገር መጥቶ ጉልበቴን ያዘው። አንተ ባለጌ፣ አባትህ የሚሆኑ ሰው ከኋላህ ቆመው አንተ ልትገባ ነው? እግሬ በራሱ ጊዜ ቆመ። ፋሻው ከአፍንጫዬ ሥር ሆኖ ሳለ ዘወር አልኩና፣ ወገቤን ሰበር አድርጌ፣ እጄን ዘረጋሁ።

«ይለፉ፣ ጋሼ።»

ጋሼ ሙላት እንደ ግድግዳ ቆሙ። «ኧረ አንተ እለፍ! ቀድመህ የለም እንዴ!»

«አይሆንም፣ እርስዎ እያሉማ አላደርገውም።»

«ግባ እንጂ፣ ልጄ!»

«በሞቴ!»

«በሞቴ አትበል! በሞቴ የሚለው ትልቅ ሰው ነው!»

«የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይወጋኛል፣ ጋሼ፣ ይግቡ!»

እኔ ክንዳቸውን ይዤ ወደፊት እስባለሁ፤ እሳቸው ወገቤን ይዘው ወደፊት ይገፋሉ። ሐበሻ ያለበት በር ሁሉ እንዲህ ነው፤ ግን በሩ ያለው ሩጫ መጨረሻ ላይ ሲሆን ለፈረንጅ ማስረዳት ያስቸግራል።  ሊንዳ «ምንድን ነው የሚያጣላቸው?» እያለች ትጮሃለች። ስልኩን ጨርሶ የተመለሰው ጥበቃ የተደባደብን መስሎት ሊገላግለን ገብቶ መሐላችን ቆመ። በዚህ መሐል ወሬ የያዙት ሁለት ነርሶች ጥጉን ታጥፈው ብቅ አሉ። ወሬያቸው አላለቀም፤ ግን እየመጡ ነው።

ጋሼ ሙላት አዩዋቸው። እኔም አየኋቸው። እሑድ ከሁለታችንም እጅ ልትወጣ ነው።

«እንግዲያው አብረን!» አሉና እጄን ጨብጠው ያዙኝ። «በቀኝ እግር!»

በቀኝ እግር ገባን።

ሚስተር ሃል ዊልቸራቸው ላይ ብድግ ሊሉ ቃጣቸውና «ዴድ ሂት!» ብለው ጮኹ።

አሁን እናንተ ፍረዱ። «ዴድ» የምትባል ቃል በእኛ መሥሪያ ቤት ስትሰማ ዝም ተብሎ አይቆምም። ውድድሩ ላይ ባልሮጥኩት ሩጫ ወደ አሮጊቷ በረርኩና እጃቸውን ይዤ የደም ሥራቸውን መፈለግ ጀመርኩ። አሮጊቷ ዓይናቸውን ገልጠው በጥፊ መቱኝ። በሕይወት ነበሩ። ታዲያ የሞተው ማነው? ሰው ሁሉ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ እኔ ጉንጬን ይዤ ሬሳ እፈልጋለሁ።

ማታ ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። «ዴድ» ሙት፣ በድን። «ሂት» ሙቀት፣ ግለት። ሁለቱን አጋጠምኳቸው፤ ምንም አልወጣም። ጀማልን ጠየቅሁት። ጀማል የማያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው ሁሉ ግን ልክ አይደለም።

«ይሄማ ቀላል ነው» አለ። «ድሮ አሪዞና ውስጥ ሁለት ፈረስ አሽቀዳደሙ። በረሃው ግሏል። እኩል ደረሱ፣ እኩል ሞቱ። ሙት ሙቀት።»

«ማነው የነገረህ?»

«ከኤርፖርት ፒክ ያደረግኩት ፓሴንጀር።»

«ፈረሶቹ ከሞቱ እኮ አሸናፊ የለም ማለት ነው።»

ጀማል አሰበ። «አንተም እኮ አላሸነፍክም» አለኝ።

ለሰናይት ደወልኩ። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። እስከ ፋሻው ድረስ ስናገር «እሺ፣ እሺ» ስትል ነበር። 

«ቆምክ?» አለች።

«ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሰኒ።»

«ለትልቅ ሰው መቆም ደግ ነው። እኔ ትልቅ ሰው ሳልሆን ግን ድረስልኝ።»

በማግስቱ የሚስተር ሃልን የምሳ ትሪ ራሴ ይዤ ገባሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሾርባቸውን አቀዝቅዘው ስለ ዴድ ሂት ያስረዱኝ ጀመር። በድሮ ጊዜ ፈረስ በቀን አንዴ ሮጦ የሚለቀቅ አልነበረም። በአንድ ቀን ሦስት፣ አራት ጊዜ ይሮጣል፤ እያንዳንዷ ሩጫ «ሂት» ትባላለች። ሁለቱን ያሸነፈ ፈረስ ዋንጫውን ይወስዳል።

«ለምን ሙቀት ተባለች?»

«ፈረስ ሳይወዳደር በፊት ሰውነቱ እንዲሞቅ ያስሮጡታል። ከዚያ የመጣ ነው ይላሉ። እኔ አልነበርኩም» አሉ። በዕድሜያቸው መጠን ይህን ማመን ትንሽ አስቸገረኝ። «ሁለት ፈረሶች አፍንጫ ለአፍንጫ ከገቡ ደግሞ ያቺ ሩጫ ሞተች። አትቆጠርም፤ እንዳልተሮጠች ናት። ላባቸው ይጠረግና፣ አርፈው፣ እንደገና ይሮጣሉ።»

«ማንም አልሞተም ማለት ነው?»

«ሩጫዋ ናት የሞተችው።»

ደስ አለኝ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ዓለም ግልጽ ሆነችልኝ። ከዚያ ሚስተር ሃል ሾርባቸውን አንዴ ፉት አሉና «ይህ ግን የድሮው ነው» አሉ። «ዛሬ ዛሬ ፈረስ በቀን አንዴ ነው የሚሮጠው። ዴድ ሂት ከሆነ ሁለቱም አሸናፊ ይባሉና ሽልማቱን ይካፈላሉ።»

«ታዲያ የእኛዋ በየትኛው ሕግ ናት? ሞታለች ወይስ በሕይወት አለችና እንካፈላታለን?»

«እሱን ሊንዳን ጠይቅ» አሉና ወደ ዳቦው ዞሩ።

ሊንዳም ተጨንቃ ነበር። እሑድ ወጥ ቤቱም ላውንደሪውም ሰው ያስፈልጋቸዋል። ያላት ተተኪ ሠራተኛ አንድ ብቻ ናት፤ የምትመደበውም ወይ እዚህ ወይ እዚያ፣ ለዓመት ነው። ስለዚህ እሑድን ለሁለት መቁረጥ አይቻልም። የሚስተር ሃልን የድሮ ሕግ ስነግራት እንደ መድኃኒት ተቀበለችው። «ሐሙስ፣ ሁለታችሁ ብቻ፣ እንደገና» አለች። ጣቷን ወደ እኔ ቀስራም «መስመሩ ላይ መቆም የለም» ብላ ጨመረችበት።

ያን ቀን ወደ ኦሮራ የተመለስኩት ከጋሼ ሙላት ጋር በአንድ አውቶቡስ ነው። በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያዩ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ለጨዋታ ነው ያልኩህ ውሸቴን ነው። ዴንቨር ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሹን የሚከራየው እሑድ እሑድ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሴ አልቆምኩም። በካሴት እሰማለሁ። ካሴት ግን አያቆርብም።»

 እኔም መስኮት መስኮቱን አየሁ።

«አንተስ እሑድን ለምን ፈለግካት?» አሉኝ።

ትልቅ ሰው ፊት ስለ ሴት ልጅ ማውራት አልሆነልኝም። በዚያ ላይ ቅዳሴን ያህል ነገር ሰምቼ እኔ ስለ ፍቅር ላወራ?

«ለመተኛት ነው» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። አልፈረዱብኝም፤ እሱ ደግሞ የባሰ አሳፈረኝ። ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ባሸንፍ አንድ ሽማግሌ ከቁርባን አስቀርቻለሁ። ብሸነፍ ሰናይት የለችም። እኩል ብንገባ ሩጫዋ ትሞትና ሦስተኛ እንሮጣለን። የድሮዎቹ ፈረሶች በደንብ ገቡኝ፤ እነሱ ግን ቢያንስ የሚሮጡበትን ምክንያት አያውቁም።

ሐሙስ ደረሰ። ሰናይት አሞኛል ብላ ከሥራ ቀርታ መጥታለች። ቀይ ሹራብ ለብሳ ከሊንዳ አጠገብ፣ ፋሻው ጫፍ ላይ ቆመች። ከካሽ ሬጅስተሩ ጀርባ ወጥታ በቀን ብርሃን ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ሊንዳ ፊሽካዋን ነፋች።

ያቺን ሩጫ ሩጫ ብሎ መጥራት ይከብዳል። እኔ ጋሼ ሙላት እንዲቀድሙኝ ብዬ አቀዘቀዝኩ። እሳቸው ደግሞ እውነቱን በመናገራቸው ተጸጽተው ነው መሰለኝ፣ ልጁ እንቅልፉን ይተኛ ብለው ሊለቁልኝ ቆርጠው ኖሯል፤ እሳቸውም አቀዘቀዙ። እኔ የጫማዬን ክር ለማሰር አጎነበስኩ። እሳቸው ክር የሌለውን ጫማቸውን ለማሰር አጎነበሱ። ሦስተኛው ዙር ላይ ዎከር በሚሉት የብረት መደገፊያ የምትሄድ አንዲት የመጦሪያው ነዋሪ ሁለታችንንም አልፋን ሄደች። በረንዳው ላይ ከተቀመጡት ግማሾቹ ምሳ ሊበሉ ገቡ።

በመጨረሻው ዙር፣ ፋሻው አጠገብ ስንደርስ፣ ጎን ለጎን እየተራመድን ነበር። ሰናይት ሳትጮህ ብዙ ታገሰች። ከዚያ አልቻለችም።

«አንተ! እኔ ሥራ ቀርቼ የመጣሁት ቀብር ላጅብ ነው?»

ጋሼ ሙላት አማርኛ ሲሰሙ ቀጥ አሉ። «ማናት እሷ?»

«ሰናይት ናት» አልኩ።

«ምንህ ናት?»

 «እሑድን የፈለግሁት ለእሷ ነው፣ ጋሼ። ከእሑድ በቀር አንገናኝም። እስከ መስከረም ካላገኘሁ ትተወኛለች።»

«ለመተኛት ነው አላልከኝም?»

«አፍሬ ነው።»

እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። «አንተ ደንቆሮ!» አሉኝ። «ሴት ልጅ እንዲህ ቆማ ትጠብቃለች? እኔ ሦስት ዓመት የታገሰኝ እግዚአብሔር አራተኛውንም ይታገሰኛል፤ እሷ ግን እግዚአብሔር አይደለችም!» ይህን ብለው በሁለት እጃቸው ጀርባዬን ገፈተሩኝ።

በፋሻው ውስጥ አልፌ በጉልበቴ አስፋልቱ ላይ አረፍኩ። ሚስተር ሃል «ፋውል!» እያሉ ጮኹ። ሕጉን ሲያስረዱ፣ የገፋው ፈረስ ይሰረዛል፣ የተገፋው ያሸንፋል አሉ። ጋሼ ሙላት ተሰረዙ። ነርሶቹ ያንኑ ፋሻ አንስተው ጉልበቴን አሰሩልኝ። ሰናይት አጠገቤ ቁጢጥ ብላ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር።

ሊንዳ «እሑድ፣ ለአንድ ዓመት» ብላ ጽፋ፣ ፈርማ ሰጠችኝ። ጋሼ ሙላት እጄን ጨብጠው፣ «እንኳን ደስ ያለህ» ብለውኝ፣ ወደ ላውንደሪያቸው ወረዱ። ደረጃውን አንድ በአንድ ሲወርዱ ከኋላ አየኋቸው። ባላያቸው ይሻለኝ ነበር።

አርብ ዕለት ሊንዳ ዘንድ ገባሁ። «እሑድ በጋሼ ሙላት ቦታ ላውንደሪ ልሥራ። ከዚያ በኋላም በየአሥራ አምስት ቀኑ» አልኳት።

«እሑድን ያሸነፍከው እሑድ ላለመሥራት መስሎኝ?»

«አዎ።»

«አሁን እሑድ መሥራት ነው የምትፈልገው?»

«አዎ።»

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ብዙ አየችኝ። ስለ ዴድ ሂት እኔ የነበረኝን ፊት እሷ ላይ አየሁት። ፈቀደችልኝ፤ የገባት ግን አይመስለኝም።

የከበደው ለሰናይት መንገሩ ነው። ሱቁ ደወልኩና አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። ከጀርባዋ የሱቁ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኛል። «ሄሎ?» አልኩ። ስልኩን ዘጋችው። ቅዳሜ ስደውል አላነሳችም። ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ቀን የለም። ደግ የሠራሁ መስሎኝ በገዛ እጄ ያጣኋት መሰለኝ።

እሑድ ላውንደሪው ውስጥ ብቻዬን ነኝ። አንሶላ ማጠፍ ሰሃን እንደ ማጠብ አይደለም። በተለይ ዙሪያውን ላስቲክ ያለው፣ በዚህ በኩል ሲይዙት በዚያ በኩል የሚሸሸው፣ ጠላት ነው። ከአንዱ ጋር ስታገል ግማሽ ሰዓት ሄደ። ቀኑ አጋማሽ ላይ በሩ ተከፈተ። ሰናይት ነጠላዋን እንደለበሰች፣ ደረቷ ላይ «ቮለንቲር»፣ በጎ ፈቃደኛ፣ የሚል ወረቀት ተለጥፎባት፣ ቆማለች።

«ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጣሁት» አለች። «ጋሼ ሙላትን አየኋቸው። ከፊት ቆመው ያለቅሳሉ። እንባቸውን እንኳ አይጠርጉም።»

 በያዝኩት አንሶላ ጥግ ዓይኔን ጠረግሁ።

«ስልኩን የዘጋሁት ተናድጄ ነው» አለች። «አሁንም አልበረደልኝም።»

ነጠላዋን አጣጥፋ ወንበር ላይ አኖረች። እጅጌዋን ሰበሰበችና ከክምሩ ላይ የአንድ ትልቅ አንሶላ ሁለት ጫፍ አንስታ፣ ሌላውን ሁለት ጫፍ እንድይዝ በዓይኗ አዘዘችኝ። ትልቅ አንሶላ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ጫፍና ጫፉን ይዞ መራራቅ፣ መወጠር፣ ከዚያ ተራምዶ መገናኘትና ጫፉን ማስረከብ ነው። ስምንት ወር በሽቦ ያወራኋት ሴት በየአንሶላው እጄ ድረስ ትመጣለች። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ናቸው። ሽቶዋ ምን እንደሚሸት ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ደስታዬ ከፍርሃቴ ጋር ተደባልቆ ስንት እንዳጠፍን ቁጥሩ ጠፋኝ።

«ስንት ቀረን?» አለችኝ፣ አንዱን አስረክባኝ ሳትመለስ።

ዞር ብዬ ክምሩን አየሁ። «ሃምሳ ይሆናል።»

ክምሩን እሷም አየችው። ትንሽ አሰበች።

«እንግዲያው አንቸኩል» አለች።